አሥራ ሁለት ደቂቃ የበላው ሹፌር

ሰውየው ሰዓት አያስርም። ሥራው በደቂቃ የሚቆጠር ሆኖ ሰዓት የማያስር ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ሰው አልገጨም፣ አንድ መስታወት አልሰበረም። ምስጢሩን ሲጠይቁት «ሰዓት የሚያይ ሹፌር መንገድ አያይም» ይላል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። ባልደረቦቹ «ቀስ-በቀስ» ብለው ስም አወጡለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ ስሙ አልከፋውም። «ታዲያ እንቁላሉ ሄደ አይደል?» ብሎ ይስቅባቸዋል።

ከአውቶቡስ ወርዶ የገባበት ሥራ ሲሰሙት ያስፈራል፣ ሲያዩት ግን ጸጥ ያለ ነው። ከከተማው ጫፍ ግድግዳው ሁለት ሜትር የሚወፍር ቤት አለ። ውስጡ ሳይክሎትሮን የሚባል ማሽን ተተክሏል። ማሽኑ ለዓይን የማትታይ ቅንጣት እያሽከረከረ ይተኩሳል፤ ከዚያ የሚገኘውን ጨረር ያለበት ነገር ኬሚስቶቹ ከስኳር ጋር ያጣብቁታል። ለምን ስኳር? ካንሰር የስኳር ሆዳም ስለሆነ ነዋ! ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቀምስ እሱ ይሰለቅጠዋል። ታማሚው ያን ስኳር በደም ሥሩ ተወግቶ ትልቁ ካሜራ ውስጥ ሲተኛ፣ ሆዳሙ የት እንደተደበቀ ፎቶው ላይ ያበራል። ሆዳሙ ከሌለም አለመኖሩ ይታወቃል። በዙሪያው ያሉ አራት ሆስፒታሎች ዓይናቸው ያለው እዚህች አንዲት ማሽን ላይ ነው።

ስኳሩ ታዲያ አያድርም። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ግማሹ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ማንም ሳይሰርቀው፣ ሳይፈስ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ያልቃል። ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ በረዶ በሉት። ስለዚህ ኬሚስቶቹ ከሌሊቱ ጀምረው ይሠሩታል፣ አውራ ጣት በምታህል ጠርሙስ ያሽጉታል፣ ጠርሙሷን ከእርሳስ ብረት በተሠራ ከባድ ዕቃ ውስጥ ይከቷታል፣ በላዩም «በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ነበር» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ሹፌሮቹ አራት አቅጣጫ ይበተናሉ።

ረጅሙ መንገድ የቀስ-በቀስ ነው። ጎረቤት ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሰባት ሰዎች ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ይጠብቁታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲወጣ የስምሪት ኃላፊው ከማምረቻው ግድግዳ ሰዓት አይቶ ይጽፋል። ሲደርስ ደግሞ ተረካቢዋ ሲስተር ከሆስፒታሉ ግድግዳ ሰዓት አይታ ትጽፋለች። ባዶውን ዕቃ ይዞ ሲመለስም እንዲሁ። ሹፌሮች ስልካቸውን ጠዋት ስምሪት ቢሮ አስረክበው ነው የሚወጡት፤ ደንብ ነው። የመኪናዋ ሰዓት ከሆነች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቆመች ዓመት አልፏታል።

ሥራው ይወደድ ነበር፤ እሱም ይወደው ነበር። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን አንድ ጣጣ መጣ። ሰባተኛው ሰው አይደርሰውም። ስድስቱ ተራ በተራ ገብተው ይወጋሉ፤ ሰባተኛው ላይ ሲስተር አንገቷን ደፍታ ብቅ ትላለች። «ዛሬ ስኳሩ አልበቃም። መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው የመጣው። የሳምንት ሰው ይበለን» ትላለች። የተራበው ሰው ቦርሳውን አንስቶ ሲወጣ በሹፌሩ አጠገብ ያልፋል። ምንም አይለውም፤ ያያል ብቻ። ምነው በተሳደበ!

አንድ ቀን የሚሳደብ ተገኘ። ባለፈው ሐሙስ ሰባተኛዋ ባለተራ የገዛ አማቱ ሆኑ።

አማቱ ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሸቀጥ ደረሰኝ ሳያርሙ የማይከፍሉ ሴት ናቸው። ከልጃቸውና ከእሱ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ታመው ታክመዋል፤ ሕክምናው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ሆዳሙ ጠፍቶ እንደሆነ ወይ አንድ ጥግ ተሸጉጦ እንደሆነ የሚያውቀው ያ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ካልተነሳ ሐኪሙ ድነዋልም አይል፣ እንደገና እንጀምርም አይል። ሲስተር ያቺን የተለመደችዋን ነገር ስትነግራቸው ተነሡ፤ ኮሪደሩን አቋርጠው ሹፌሩ ፊት ቆሙ።

«አንተ! ከትናንት ማታ ጀምሮ አንጀቴን ያሰርኩት አንተ መንገድ ዳር ሻይ እንድትጠጣ ነው? ሰው የአማቱን መድኃኒት መንገድ ላይ አስቀርቶ በምን ዓይኑ ያያታል?»

«እማማ፣ እኔ እኮ የትም አልቆምኩም…»

«ታዲያ ስኳሩን ማን ላሰው?»

ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሰማ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መወልወያዋን አቁማ ሰማች። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አማቱ አላናገሩትም። እራት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ለባልሽ ጨውን እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ይሏታል ልጃቸውን። ሚስቱ መሃል ቤት ሆና መልእክት ስታመላልስ ሳቋም ይመጣል፣ ታዝናለችም።

በዚህ ላይ ረቡዕ ከመንገድ ሲመለስ የስምሪት ኃላፊው የስድስት ወር የጉዞ ቅጾችን ጠርዞ ጠበቀው።

«ቀስ-በቀስ፣ ሆስፒታሉ በደብዳቤ መጣብን። ድሮ በአንድ ሰዓት ከአርባ ትደርስ ነበር። አሁን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ይፈጅብሃል። አሥራ ሁለቷን ደቂቃ ማን በላት?»

«እኔ አልበላኋትም።»

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ይህንኑ በጽሑፍ አምጣልኝ።»

ቅጾቹን ይዞ ቤት ገባ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምግብ ጠረጴዛው ፊት ባዶ ወረቀት ዘርግቶ እስክሪብቶ ይነክሳል። ምን ብሎ ይጻፍ? መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ አልተቆፈረ፣ አልተዘጋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ራሱን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። አርጅቼ ይሆን? እግሬ ነዳጁ ላይ ሳላውቀው እየላላ ይሆን? ለካ ያን ሁሉ ሰው አስርቤ የምልከው እኔው ነኝ?

አማቱ በዚያው ሰዓት ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር። ቀጠሯቸው በማግስቱ ሐሙስ ነው፤ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደው እዚያው ከተማ እህታቸው ቤት ሊያድሩ ነው። ሲያልፉ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ቁጥር አዩ። ቁጥር አይተው ማለፍ ደግሞ የት ያውቁና!

«ምንድነው ይሄ?» አሉ፣ ለልጃቸው።

«የጉዞ ቅጽ ነው፣ እማዬ። መዘግየቱን በጽሑፍ አስረዳ ተብሎ ነው።»

«ላስረዳለት እኔ!» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ወጣ። ያቺ እስክሪብቶ የስንቱን ልጅ እንባ እንዳፈሰሰች እግዜር ይወቀው። ሹፌሩ «አለቀልኝ» አለ በልቡ፤ ሚስቱም ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ቀረች።

መጀመሪያ እስክሪብቶዋ በፍጥነት ነበር የምትሄደው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ እያከበቡ፣ «አየሽው? አየሽው?» እያሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀዘቀዘች። ሦስተኛው ላይ ቆመች። አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«ሲመለስስ?» አሉ። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ እሱን አዩት። «ስትመለስ አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት። በየቀኑ! ስትመለስ ትበራለህ እንዴ?»

«ኧረ እኔ? በሄድኩበት ፍጥነት ነው የምመለሰው።»

«ዳገት አለው?»

«ሜዳ ነው፣ እማማ። የዕቃውም ክብደት ያው ነው፤ ብረቱ እኮ አብሮኝ ይመለሳል።»

«ሻይ የምትጠጣው የት ነው?»

«ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሲስተር የምትሰጠኝን። ጽፋ ከተረከበችኝ በኋላ።»

አማቱ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለሱ። ከስድስት ወር በፊት መሄጃው አንድ ከአርባ፣ መመለሻውም አንድ ከአርባ ነበር። ከዚያ ከአንድ ሰኞ ጀምሮ መሄጃው አሥራ ሁለት ደቂቃ ጨመረ፣ መመለሻው አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀነሰ። ሁለቱን ሲደምሩት ድሮም አሁንም ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ቀይዋ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኛች።

«የአራተኛ ክፍል ሂሳብ!» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ እኮ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። መንገዱ አልረዘመም። ከሁለቱ የግድግዳ ሰዓቶች አንዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ስቷል።»

ሚስቱ «እሰይ!» ብላ ልትጮህ ስትል እናቷን አይታ ዋጠችው። እሱ ተነሥቶ ስልኩን ሊያነሳ ሲል አማቱ እጁን ያዙት።

«የት ልትደውል? የትኛው ሰዓት እንደሳተ ገና አላወቅህም። ሳያጣሩ መክሰስ ምን እንደሚመስል እኔ አሳይቼሃለሁ፤ ይበቃል። እጅህን አምጣ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንቺ፣ ሰዓትሽን ፍቺ።»

የሚስቱ ሰዓት ቀጭን የወርቅ ቀለም ማሰሪያ ያላት፣ የጥፍር ያህል ፊት ያላት የሴት ሰዓት ነበረች። በዚያ ወፍራም ክንዱ ላይ በመጨረሻዋ ቀዳዳ በግድ ታሰረች። አማቱ በሬዲዮ ዜና ሰዓት አስተካክለው ሞሏትና ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ይቅርታ የሚባል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ማምረቻው በር ላይ ኃላፊው ክንዱን አይቶ «እሰይ፣ አምሮብሃል!» አለው። ቀስ-በቀስ ግን የግድግዳውን ሰዓት ነበር የሚያየው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። የክንዱም አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ጥሩ፤ እዚህ ጋ ችግር የለም። መንገድ ላይ አንዴም አላያትም። እንደ ወትሮው በራሱ ፍጥነት ነዳ፣ ለሚያቋርጡ ሰዎች ቆመ፣ የሚቀድሙትን አሳለፈ። ሆስፒታሉ ሲደርስ ዕቃውን በጋሪ እየገፋ ኮሪደሩ ውስጥ ገባና እጅጌውን ሰበሰበ። የክንዱ ልክ ሁለት ሰዓት ይላል። ቀና አለ። ግድግዳው ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላል።

ሲስተር ቅጹን ተቀብላ፣ ወደ ላይ አንጋጣ፣ መጻፍ ጀመረች።

«ቆይ እስቲ፣ ሲስተር» አላት። «ይቺን እይልኝ።»

«ውይ ጋሼ፣ የማን ናት? እንዴት ታምራለች!»

«ማማሯን ተይውና ስንት ትላለች?»

«ሁለት ሰዓት።» ግድግዳውን አየች። ሳቀች። «እሱማ እኔ ነኝ ወደፊት የገፋሁት። ፕሮፌሰር ጠዋት ጠዋት እያረፈደ ሲያስቸግረኝ ጊዜ፣ ሳልነግረው ይድረስ ብዬ አሥራ ሁለት ደቂቃ…»

ሳቋ ከአፏ ላይ ጠፋ። ሲስተር ሞኝ አይደለችም። እጇ ውስጥ ያለውን ቅጽ አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ እሱን። «ጋሼ» አለች፣ «አምስት ወር ሙሉ ዘገዩ ብዬ የጻፍኩብዎት…»

ፕሮፌሰር የሚሉት የጠርሙሷን ጨረር የሚለካው ወጣት ባለሙያ ነው። ሲስተር ጎትታ አመጣችው። ነገሩን ሲሰማ ወደ ክፍሉ ገብቶ መለኪያው ላይ የተለጠፈች ወረቀት ገንጥሎ መጣ። በራሱ እጅ ጽሑፍ «ከሚያሳየው ላይ ከመቶ ሰባት ቀንስ» ትላለች።

«ሰዓቱን አይቼ ስንት እንደቀረ አስላለሁ» አለ፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ። «መለኪያው ሁልጊዜ ካሰላሁት በላይ ያሳየኛል። መለኪያው ዋሸ አልኩ። ልክነቱን የሚያረጋግጠው ዕቃ ከታዘዘ ወራት አልፎታል፣ አልመጣም። ስለዚህ እየቀነስኩ ነበር የማካፍለው። ለካ መለኪያው ልክ ነው። እኔ ስለማረፍድ ነው ይሄ ሁሉ።»

«ማለት፣ ስኳሩ ድሮም ለሰባት ሰው ይበቃ ነበር?» አለች ሲስተር።

«ይበቃ ነበር።»

ሲስተር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የመለሰቻቸው ሁሉ ሌላ ቀን መጥተው ፎቶውን ተነሥተዋል፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ተርበው፣ ሁለት ሌሊት ሳይተኙ ነው። ሹፌሩ ሊቆጣ አስቦ ነበር። አምስት ወር የተሸከመውን ነገር ዛሬ ዘርግፎ ሊገላገል መንገዱን ሙሉ ቃላት ሲመርጥ ነው የመጣው። ሲያያት ግን ቁጣው ከየት ይምጣ? ያቺ ሻይ የምትሰጠው ልጅ እኮ ናት። «አይዞሽ» አላት። «ለበጎ ብለሽ ነው። አውርጂውና ይስተካከል።» ፕሮፌሰር ወንበር ላይ ወጥቶ ሰዓቱን ሲያወርድ እሱ የወንበሩን እግር ያዘለት።

ለኃላፊው በሲስተር ስልክ ደወለ። «አሥራ ሁለቷ ደቂቃ ተገኘች» አለው።

«የት?»

«ግድግዳ ላይ ተሰቅላ። ዛሬ ቆይቼ ነው የምመለሰው፤ ሰባተኛዋ ሳትገባ አልንቀሳቀስም።»

ሰባተኛዋ ወንበር ላይ አማቱ ነጭ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። የሰዓቱን መውረድ አይተዋል፤ ሁሉን ሰምተዋል። እሱ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። አንድ ቃል አልጠበቀም ብል ውሸቴን ነው፤ ጠብቋል። እሳቸው ግን የበሩን ቁጥር ሲያነቡ፣ ጣሪያ ሲያዩ ቆዩ።

አንደኛው ገባ። ሁለተኛዋ ገባች። በየግማሽ ሰዓቱ በሩ ይከፈታል፣ ሲስተር ስም ትጠራለች፣ በሩ ይዘጋል። አራተኛው ላይ ሹፌሩ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር። ወረቀቷ ተገንጥላለች፣ አዎ፤ ግን ሂሳብ ሌላ፣ ጠርሙስ ሌላ። ዛሬም ባይበቃስ? እኚህ ሴት ለሦስተኛ ጊዜ በባዶ ሆድ በዚያ አውቶቡስ ሊመላለሱ? ስድስተኛው ሰውዬ ሲገባ ሁለቱም በሩ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። አማቱ ከንፈራቸው ደርቋል። የቦርሳቸውን ዚፕ ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ፤ እሱም አየ። እኚያ የማይፈሩ ሴት ፈርተዋል።

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ብቅ አለች። አንገቷ ቀና ብሏል።

«በቅቷል!» አለች። «ልክ ልክ፣ ግን በቅቷል። እትዬ፣ ይግቡ!»

አማቱ ተነሡ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ዞሩ። በክፍል ውስጥ እንደለመዱት ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

«ጸጥታ!»

ኮሪደሩ ረጭ አለ። አስታማሚዎች፣ ጥበቃው፣ ካርድ የሚያወጡት ሁሉ ዞሩ።

«ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ቆሜ ይሄን ሰው አዋርጄዋለሁ። የሰማችሁ ሰምታችኋል፣ ያልሰማችሁ አሁን ስሙ። ሠላሳ አራት ዓመት "መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ሥሩት" እያልኩ አስተምሬ እኔ ሳልሠራ መልስ ጻፍኩ። ይሄ ሰው አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። አምስት ወር ሙሉ ባላጠፋው ጥፋት አንገቱን ሲደፋ፣ እኔ በገዛ ቤቱ ጨው አቀብለኝ ብዬ በአፌ አልጠራሁትም። የወለድኩት ልጅ ቢሆን ይህን አይችለኝም ነበር። በሰው ፊት ስለሰደብኩት በሰው ፊት…»

የሹፌሩ ዓይን ሞላ። ሳምንት ሙሉ የተራበው ይህንኑ ነበር፤ ቢቀጥሉለት እስከ ማታ ቆሞ ይሰማቸው ነበር። በተከፈተው በር ግን ፕሮፌሰር መርፌውን ይዞ፣ አንድ ጊዜ መለኪያውን አንድ ጊዜ ሴትዮዋን እያየ ሲቁነጠነጥ ታየው። ልክ ልክ ነው የተባለው።

«እማማ!» ብሎ ጮኸ፣ በዕድሜው ማንንም አጣድፎ የማያውቀው ሰው። «ይቅርታውን ቤት እንጨርሰዋለን! ይግቡ እንጂ፣ እየቀነሰ ነው!»

አማቱ ቦርሳቸውን ወረወሩለትና «ይቅርታ አልኩህ!» እያሉ ሮጠው ገቡ።